እማዬን ለዴክሳ አዲስ አበባ ልውሰዳት?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «እናቴ 66 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ደጃፍ ላይ ተንሸራታ በእጇ ስትደገፍ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ፤ ወጌሻ ጠግኗት ድናለች። ዘንድሮ ደግሞ የተሳፈረችበት ባጃጅ ጉብታ ላይ ሲዘል ‹ወገቤን!› ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዋን ያማታል። ራጅ ተነስታ አንድ የአከርካሪ አጥንቷ ተጨፍልቋል፣ አጥንትሽ ሳስቷል ተባለችና ካልሲየም ታዘዘላት። ቁመቷም ያጠረ ይመስለኛል፤ ቀሚሶቿ መሬት መጎተት ጀምረዋል። ለጉልበቷ ቁርጥማት ከፋርማሲ የምትገዛት ‹ዴክሳ› የምትላት ትንሽ ክኒን አለች፤ ለዓመታት እሷ ብቻ ናት የምታሽላት። ጎረቤት የቅልጥም መረቅ ጠጪ ይላታል። ወጌሻው ጀርባዋን ልሻት ብሏል። ግን በዚህ ሁሉ የድሬ ፀሐይ፣ ውሃችንም ማንቆርቆሪያ እስኪያነጣ ድረስ ካልሲየም እያለው፣ አጥንት እንዴት ይሳሳል? ለዴክሳ ምርመራ አዲስ አበባ ልውሰዳት? እኔስ 39 ዓመቴ ነው፣ ያሰጋኛል?»

አትውሰጃቸው። ቢያንስ አሁን አይደለም። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም እንደማይወደድ አውቃለሁ። አንቺን አንቺ እልሻለሁ፤ እናትሽን ግን አንቱ ልበላቸው።)

ዴክሳ አጥንት ምን ያህል ጥቅጥቅ እንደሆነ በትንሽ ጨረር የሚለካ ማሽን ነው። ጥሩ ማሽን ነው፤ አገራችን ውስጥ ግን እንደ ልብ አይገኝም። የእናትሽ ጥያቄ ደግሞ ያለ እሱም ተመልሷል። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ደጃፍ ላይ ወድቃ አንጓዋ ከተሰበረ፣ ቀጥሎም በባጃጅ ዝላይ አከርካሪዋ ከተጨፈለቀ፣ ሌላ በሽታ እስካልተገኘ ድረስ የአጥንት መሳሳት አለባት ማለት ነው። ማስረጃው ስብራቱ ራሱ ነው። ጤነኛ አጥንት በባጃጅ ዝላይ አይሰበርም። ማሽኑ «ያን ያህል አልሳሳም» ቢል እንኳ ሕክምናው አይቀርላቸውም።

መጣደፍ ያለብን ለሌላ ነገር ነው። አከርካሪያቸው አዲስ ከተሰበረባቸው ሴቶች ከአምስቷ አንዷ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ አከርካሪ ይሰበርባታል። ለአውቶቡስ፣ ለአልጋና ለቀጠሮ የምታወጪው ገንዘብና ጊዜ ለመድኃኒቱ ይዋል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ደብዳቤሽን ደግሜ ያነበብኩት በእሱ ምክንያት ነው። ውስጡ ሁለት ዴክሳ አለ። አንዱ አዲስ አበባ ድረስ ልትሄጂለት ያሰብሽው ማሽን ነው። ሌላው እቤታችሁ ያለው ክኒን ነው። ስማቸው ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ክኒኑ ሙሉ ስሙ ዴክሳሜታዞን ነው፣ ከስቴሮይድ ወገን። ማሽኑ የአጥንትን መሳሳት ይለካል። ክኒኑ አጥንት ያሳሳል።

እርግጥ ያሽላል። ስቴሮይድ እብጠትንና ሕመምን በፍጥነት ያበርዳል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ፊት ይሞላል። ሰው የሚወደውም ለዚሁ ነው፤ ለመወፈር ብለው የሚገዙት ሁሉ አሉ። ችግሩ የክኒኑ ኃይል ነው። 1 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ፕሬድኒሶሎን ያህላል። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በቀን 5 ሚሊ ግራም ሆኖ ሦስት ወር ካለፈው እኛ ሐኪሞች ስለ አጥንት መጨነቅ እንጀምራለን። ስቴሮይድ አጥንት የሚሠሩትን ሴሎች ያዳክማል። አንጀት ካልሲየም እንዳይቀበል ያደርጋል፣ በሽንት የሚወጣውንም ይጨምራል። የጭን ጡንቻን ስለሚያሰልል ሰውየው በቀላሉ ይወድቃል። ስኳርና ደም ግፊትም ያነሳል። እናትሽ ለጉልበታቸው ብለው የዋጡት ክኒን ጀርባቸው ላይ ሳያስከፍላቸው አልቀረም።

ይህን አንብበሽ ግን ክኒኑን ዛሬውኑ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥዪው። ይሄ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው የራሳችን ዕጢ ሥራውን ትቶ ይተኛል። ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ዕጢው ወዲያው አይነቃም። ከባድ ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት ይመጣል፤ ሊገድልም ይችላል። ሐኪሙ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ያወርደዋል። በአንድ ቀን ምን ያህል እንደሚወስዱና ስንት ዓመት እንደሆነ ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። «አልፎ አልፎ ነው» ካሉሽ ፋርማሲውን ጠይቂ። እናቶች ስለ ክኒን ሲጠየቁ ቁጥር መቀነስ ይወዳሉ።

አጥንት እንዴት እንደሚሳሳ ካላወቅሽ የቀረው ምክሬ ትእዛዝ ብቻ ይሆንብሻል፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። ደም ይዞርበታል፣ ይፈርሳል፣ ይሠራል። የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፣ እነሱ ያረጀውን ቆፍረው ያወጣሉ። ከኋላ የሚከተሉ ግንበኞች አሉ፣ ጉድጓዱን ይሞላሉ። በዚህ ዓይነት የአዋቂ ሰው አጥንት በየዓመቱ አንድ አሥረኛው ያህል ይታደሳል። እስከ 20ዎቹ መጨረሻ ድረስ ግንበኞቹ ይበልጣሉ፣ አጥንት ይከማቻል። ከዚያ ለጥቂት ዓመታት እኩል ይሆናሉ። ቀጥሎ ሚዛኑ ወደ አፍራሾቹ ያጋድላል። ሴቶች ላይ አፍራሾቹን ሲቆጣጠር የነበረው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። የወር አበባ ሲቆም እሱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የሚሆን አጥንቷን ልታጣ ትችላለች። እናትሽ የወር አበባቸው የቆመው ከ45 ዓመት በፊት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ለውጥ ያመጣል።

የአከርካሪን አጥንት ለሁለት ብትከፍዪው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ነው። ጤነኛው ዓይኑ ጥቃቅን፣ በመካከል ያለው ግድግዳ ወፍራም ነው። ሲሳሳ ዓይኖቹ ይሰፋሉ፣ ግድግዳው ይቀጥናል፣ እዚህም እዚያም ይበጠሳል። ከላይ ሲታይ ያው እንጀራ ነው። ስታነሺው ነው የሚቀደደው። የእናትሽም አጥንት የሆነው ይሄ ነው። ባጃጁ ሲዘል የሰውነታቸው ክብደት አከርካሪው ላይ አረፈ፣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ። ከፊት አጥሮ ከኋላ እንደነበረ ስለሚቀር ሰውነት ወደፊት ይጎብጣል። ቀሚሳቸው የረዘመው ለዚህ ነው። ቀሚሱማ ያው ቀሚስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደበላለቅ ላጥራ። የአጥንት መሳሳት ቁርጥማት አይደለም፣ ሪህም አይደለም። አጥንት ሲሳሳ አያምም። ዓመታት ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ይሄዳል፣ የሚያመው ሲሰበር ነው። የእናትሽ ጉልበት ሌላ በሽታ ነው፤ ምናልባት የመገጣጠሚያው ልስላሴ አልቆ ይሆናል። የሁለቱ ሕክምና ለየቅል ነው። «አያመኝም፣ ስለዚህ አጥንቴ ደህና ነው» ማለትም፣ «ጉልበቴን ስለሚያመኝ አጥንቴ ሳስቷል» ማለትም ስህተት ነው። ለእናትሽ የተላከው መልእክት የዛሬ ሦስት ዓመቱ አንጓ ነበር። ወጌሻው በደንብ ጠግኖት ይሆናል። ግን ደጃፍ ላይ በመንሸራተት አጥንት ለምን ተሰበረ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሐኪም ቤት ቢሄዱም ኖሮ ጂፕሰም አድርገን የምንሸኛቸው ብዙዎቻችን ነን። ይሄ የእኛም ጥፋት ነው።

ከላይ «ሌላ በሽታ እስካልተገኘ ድረስ» ያልኩት ለወጉ አይደለም። በእኛ አካባቢ የተጨፈለቀ አከርካሪ ሁሉ የአጥንት መሳሳት አይደለም። አንደኛው ተጠርጣሪ የአከርካሪ ቲቢ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ቀስ በቀስ የሚብስ ሕመም ካለ እሱን ማሰብ ግድ ነው። ሁለተኛው ብሩሴሎሲስ ነው። ያልፈላ የግመል፣ የፍየል ወይም የላም ወተት በሚጠጣበት አገር የሚመላለስ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ካንሰር ነው፦ ከጡት ወይም ከሌላ ቦታ ወደ አጥንት የሄደ፣ አለዚያም ከመቅኒው የተነሳ። በዕረፍትም በሌሊትም የማይለቅ ሕመም ያሳስበኛል። አራተኛው የቫይታሚን ዲ ከባድ እጥረት ነው። አጥንቱን ያለሰልሰዋል፣ ሰውነት ይደቃል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል። እሱ በርካሽ ይድናል፣ ካልታወቀ ግን የመሳሳት መድኃኒት ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ከዴክሳ በፊት የደም ምርመራ ይቅደም። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ኢ.ኤስ.አር (ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም)፣ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ የኩላሊት ምርመራና የታይሮይድ ሆርሞን። አቅም ከፈቀደ ቫይታሚን ዲ ይታከል። አብዛኛው አዲስ አበባ የሚያስኬድ አይደለም። ራጁንም ይዘሽ ሂጂ፣ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው ግን የደም ምርመራ አትጠብቂ፤ ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ወጌሻው ጀርባቸውን አይንካ። ወጌሻን በጅምላ የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ወለምታ ላይ እጃቸው የሚፈታ አውቃለሁ። የሳሳ አከርካሪን መጫንና ማሸት ግን ከጎን ያለውንም አጥንት ሊሰብር ይችላል። ሌላም ልጨምር። እናትሽ አንድ ቀን ወድቀው ብሽሽታቸውን ቢያማቸው፣ መቆም ቢያቅታቸው፣ እግራቸውም አጥሮ ወደ ውጭ ቢዞር፣ የተሰበረው የዳሌ መገጣጠሚያቸው ነው። ያ ስብራት በቀርከሃ ታስሮ አይድንም፤ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይፈልጋል። አልጋ ላይ የቀረ አረጋዊ በሳንባ ምች፣ በደም መርጋትና በአልጋ ቁስል ነው የሚጎዳው። የታከሙት እንኳ ከአምስቱ አንዱ ያህል ዓመት አይደፍኑም። ሐረር ሆኜ ካየኋቸው ውስጥ የሚቆጨኝ ሦስት ሳምንት ታስረው ከቆዩ በኋላ የመጡት ናቸው።

ለአሁኑ ሕመም ፓራሲታሞል በሰዓቱ ይውሰዱ። ጥቂት ቀን ይረፉ፣ ከዚያ ይነሱ። ተኝቶ መክረም አጥንትን የባሰ ያሳሳል። አብዛኛው ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ውሃውና ፀሐዩ። የድሬ ውሃ ከባድ ነው፣ ልክ ነሽ። ማንቆርቆሪያው ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በውሃ ውስጥ ያለ ካልሲየም ደግሞ ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ ከንቱ አይደለም። የአጥንት መሳሳት ግን የካልሲየም ማነስ ብቻ አይደለም። ግንበኞቹ ከተኙ ደጅ ላይ የቱንም ያህል ሲሚንቶ ቢቆለል ግድግዳው አይቆምም። ለዚህ ነው ካልሲየም ብቻውን ተሰጥቷቸው ወደ ቤት መላካቸው ያልበቃኝ። ያስፈልጋል፣ ሕክምና ግን አይደለም።

ፀሐዩስ? ፀሐይ አለ ማለት ቆዳ ላይ አረፈ ማለት አይደለም። ድሬ ላይ አዋቂ ሰው ቀኑን ጥላ ሥር ነው የሚያሳልፈው። አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲመጣ ነው የሚወጣው። የለበሱት ልብስም ይሸፍናል። በዚያ ላይ የጠቆረ ቆዳና ያረጀ ቆዳ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይጠቅምም። ገና ስትወጣ ያለችው የማለዳ ፀሐይም ደካማ ናት። ጥሩው ጊዜ ጥላሽ ከቁመትሽ ማጠር ሲጀምር ነው፣ ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም በኋላ። ክንድና ቅልጥም ገልጦ ለ20 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት ጥቂት ቀን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። መንገድ ላይ መገለጥ ለማይሆንላቸው ሴቶች ግቢ አለ። የጁገል (በግንብ የታጠረው የጥንቱ ሐረር) ቤቶች ያ የታጠረ ግቢያቸው ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። በእናትሽ ዕድሜ ግን በፀሐይ ብቻ አልተማመንም። በቀን ከ800 እስከ 1000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በክኒን ይጨመርላቸው። ብዙ ካልሲየም ክኒኖች ውስጥ ጥቂት ይኖራል፣ ማሸጊያው ላይ አንብቢ።

ቅልጥም መረቅ ይጣፍጣል። ለቅዝቃዜም ለሆድም ጥሩ ነው፣ ሐረር ላይ በብርድ ቀን እኔም አልጠላውም። ካልሲየሙ ግን ከአጥንቱ ወደ መረቁ እምብዛም አይወጣም። አንድ ብርጭቆ ወተት ግን 300 ሚሊ ግራም ያህል ይዟል። ለእናትሽ የሚያስፈልጋቸው በቀን 1200 ነው። የግመል ወተትም ከላሙ ብዙም አይተናነስም። ይፍላ ብቻ። «ሲፈላ ኃይሉ ይጠፋል» የሚባለው ተረት ነው፤ ካልሲየም በእሳት አይጠፋም፣ የብሩሴላ ጀርም ግን ይሞታል። ሐረር ዘመድ ቤት ሲሄዱ ሆጃ በወተት ቢቀርብላቸው አትከልክያቸው። ቡና ካልሲየም ትንሽ ያስወጣል፣ በቀን አንድ ሁለት ስኒ ግን አጥንት አያሳሳም።

እናትሽ ጾመኛ ከሆኑ ነገሩ ይለወጣል። የዓመቱን ግማሽ ያህል ወተትና እርጎ የለም ማለት ነው። ጤፍ ይረዳል፤ 100 ግራም ዱቄቱ ውስጥ 150 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ካልሲየም አለ። ጎመን፣ ሰሊጥና ተልባም አሉ። ያም ሆኖ በጾም ቀን 1200 መሙላት ስለሚከብድ ካልሲየም ክኒኑ ያኔ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ አይውሰዱ፣ ትርፉን አንጀት አይቀበለውም። ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ ከምግብ ጋር ይሁን። «የኩላሊት ጠጠር ያመጣል» የሚለው ፍርሃት በከፊል እውነት ነው። በምግብ የሚገባው አያመጣም፣ ከመጠን ያለፈ ክኒን ግን ሊጨምር ይችላል። በድሬ ሙቀት ለጠጠር ዋናው መንስኤ ውሃ አለመጠጣት ነው።

ዋናው መድኃኒት አፍራሾቹን የሚይዘው ነው። በአብዛኛው የምንጀምረው በአሌንድሮኔት ነው። 70 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ። የአከርካሪ ስብራትን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አወሳሰዱ ግን ጣጣ አለው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል። በሻይ፣ በወተት፣ በቡና አይደለም። ከዚያ 30 ደቂቃ ምንም አይበሉም፣ አይተኙም። ቢተኙ ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ቀርቶ ያቆስላል። ካልሲየሙ ሌላ ሰዓት ላይ ይሁን፤ አብረው ከተወሰዱ መድኃኒቱ ጭራሽ አይገባም። ረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎች ለሱሁር ሲነሱ መጀመሪያ ክኒኑን ወስደው ግማሽ ሰዓት ቆይተው መብላት ይችላሉ። በሳምንት አንድ ሌሊት ነው፣ አይከብድም።

የመዋጥ ችግር ያለበት፣ ቀጥ ብሎ ለግማሽ ሰዓት መቀመጥ የማይችል፣ ካልሲየሙ የወረደ ወይም ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው አሌንድሮኔት አይወስድም። ለሆድ ወይም ለጉሮሮ ችግር በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ ዞሌድሮኒክ አሲድ አለ፤ እሱም ኩላሊት ይጠይቃል። በየ6 ወሩ በመርፌ የሚሰጠው ዴኖሱማብ ኩላሊታቸው ለደከመ ይሆናል። ችግሩ መቋረጡ ነው። አንድ መርፌ ሲዘል አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፣ ብዙ አከርካሪ በአንድ ጊዜ ሊሰበር ይችላል። አቅርቦቱ በእርግጠኝነት ካልተያዘ ባይጀመር እመርጣለሁ። ስለ መንጋጋ መጎዳት የምትሰሚው ነገር በዚህ መጠን እጅግ ብርቅ ነው። የሚነቀል ጥርስ ካለ ግን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይነቀል። ከአምስት ዓመት ግድም በኋላ ሐኪሙ ይቀጥል ወይስ ይረፍ የሚለውን ያያል። አዲስ የጭን ሕመም ከመጣ ሳይቆይ ይነገረው።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ የአንቺ ነው። ወገብን ወደፊት ማጠፍ የሳሳ አከርካሪ ጠላት ነው። አጭሩ መጥረጊያ ረጅም እጀታ ባለው ይቀየር። የ20 ሊትር ጄሪካን አያንሱ። ምጣዱ ከፍ ይበል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል አያንሸራት፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው። ነጠላ ጫማው ከኋላ የሚይዝ ጫማ ይሁን። ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ እንደሆነ ይታይ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሲነሱ ያዞራቸው እንደሆነ ጠይቂ።

ይራመዱ። ለዚህስ ከዚራ የታደለ ሰፈር ነው፣ ሜዳ ነው፣ የዛፍ ጥላ አለው። ጁገል ዘመድ ሲጠይቁ ግን ያ ቁልቁለትና ድንጋይ ንጣፍ ያሳስበኛል፤ ክንዳቸውን ያዢ። የሐረሪ ቤት መደብም ከፍታው እርከን እርከን ስለሆነ ታች ይቀመጡ፣ ማንም አይቀየምም። ሕመሙ ሲበርድ በቀን ጥቂት ጊዜ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ ይለማመዱ። መኪና ሲሳፈሩ የኋላ ወንበር ላይ አይቀመጡ፣ ዝላዩ የሚበረታው እዚያ ነው። ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ከፊት ይሁኑ። ባጃጅ ከሆነ ሾፌሩን «ቀስ በል የኔ ልጅ፣ ወገቤ ተሰብሯል» ይበሉት። እውነት ነው፣ ይሰማል።

ስለ አንቺ። እናትሽ መሰበራቸው ያንቺን ዕድል ከፍ ያደርገዋል፣ ግን ዛሬ ማሽን አያስፈልግሽም። አታጭሺ። ጫት የምትቅሚ ከሆነ የሚያሳስበኝ ምሳው ነው፤ በርጫው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ከሰዓቱም ተቀምጦ ያልቃል። የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የአጥንትን ጥግግት ትንሽ ይቀንሳል፤ ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። ለዚህ ብለሽ አታቋርጪ፣ ከሐኪምሽ ጋር ግን ተነጋገሪ። ወንድሞች ካሉሽ ደግሞ ይሄ የሴት በሽታ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በላይ ካሉት ሴቶች ከሦስቷ አንዷ፣ ከወንዶች ደግሞ ከአምስቱ አንዱ በመሳሳት የተነሳ አጥንቱ ይሰበራል ተብሎ ይገመታል።

ዴክሳ ማሽኑ ጥቅም የለውም እያልኩሽ አይደለም። ገና ላልተሰበረ፣ ግን ለሚያሰጋው ሰው ውሳኔውን የሚወስነው እሱ ነው። ቁጥሩ ቲ-ስኮር ይባላል። -1 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው፣ -2.5 እና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት ነው፣ በመካከል ያለው የመሳሳት ጅማሮ ነው። ለእናትሽም መድኃኒቱ ከተጀመረ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቢለኩ አልቃወምም።

የዚህ ሳምንት ሥራሽ ግን ይሄ ነው። አጠገብሽ ባለው ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ወይም የአጥንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ። እቤት ያለውን ክኒን በሙሉ፣ ባዶ ማሸጊያውን ጨምረሽ፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ለሐኪሙ ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ዴክሳሜታዞኑ እንዴት ነው የሚወርደው? ቲቢ፣ ብሩሴላና ካንሰር አለመኖራቸው ታይቷል? ኩላሊታቸውና ካልሲየማቸው ደህና ከሆነ አሌንድሮኔት መቼ ይጀምራሉ? አሌንድሮኔት ሁልጊዜ በቅርብ ላይገኝ ስለሚችል ቀድመሽ ፋርማሲዎችን ጠይቂ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ እናትሽን ያለ ጫማ ግድግዳ ላይ አስጠግተሽ ቁመታቸውን በእርሳስ ምልክት አድርጊ፣ ቀኑን ከጎኑ ጻፊ። በየስድስት ወሩ ድገሚው። ከምልክቱ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካሉ፣ ባያማቸውም፣ ራጁ ይደገም።